ነጩ ጭልፊትና ሁለተኛዋ ምስክር

እሑድ፣ ኦክቶበር 3፣ 1993

ዳይሬክተር ሆንኩ። እኔ! አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማንም አለቃ ሳልሆን ኖሬ፣ ትናንት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አሥራ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «የምሥራቅ ዳርቻ ወፎች» መጽሔት ዳይሬክተር አደረገኝ። አሥራ አንደኛው እጅ የራሴ ነው፤ የከለከለኝ ስለሌለ አወጣሁት። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ወንበሩም የአዳራሹ ነው። ያለው ነገር ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ የወፍ መዝገብ ካርድ መጠበቅና አንድ ሺህ አራት መቶ ፖስታ ላይ አድራሻ መለጠፍ ነው። ሥራው ለእኔ መሆኑ ሲነገር የሌሎቹ ፊት እንዴት በራ! ሰው በሰው ሹመት እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ከሁለተኛ ደረጃ ያልዘለቅሁ፣ በትምህርት ቤት ምሳ ቤት የተፈጨ ድንች የምጨልፍ ሴት ከዶክተር ጎን ተቀመጥኩ። ዶክተሩ ክላይቭ ነው፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ፤ የጥርስ ዶክተር ቢሆንም ዶክተር ዶክተር ነው። ሮዛሊንድ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር ትይዛለች፤ ዝርዝሩን ከልጆቿ አብልጣ እንደምትወደው ልጆቿም ያውቃሉ። ሰብሳቢያችን ሚስተር ፔል ናቸው፤ መጽሔቱን የመሠረቱት እሳቸው፣ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት። እኔን በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጂኦግራፊ አስተምረውኛል። ዛሬም ስሜን ሲጠሩ እጄን ከኪሴ አወጣለሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባችን እዚያው ቀጠለ፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። አጀንዳው፦ በሽፋኑ ላይ የምትወጣው ዳክዬ ወደ ግራ ትይ ወይስ ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ ካየች አንባቢው ገጹን ሊገልጥ ይጓጓል ይላል ክላይቭ። ወፎቻችን ከ1958 ጀምሮ የሚያዩት ወደ ግራ ነው ትላለች ሮዛሊንድ። ሁለት ለሁለት ሆንንና ለሚቀጥለው አሳደርነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሌን ምን ወሰናችሁ ሲል ጠየቀኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። «ዳክዬዋን ጠይቃችኋታል?» አለ።

ይህ ሰው ወፍ አይወድም። ወፍ የሚወድ ሰውም አይወድም። ከእኔ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የኖረው በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 8

አድራሻ፣ አድራሻ፣ አድራሻ። ምላሴ ሙጫ ሙጫ ይላል። ሚስተር ፔል ቃለ ጉባኤውን አንብቢልኝ አሉ፤ ድምፅሽ ጥሩ ነው። የአንባቢዎችን ደብዳቤ ሁሉ ደግሞ። የጋዝ ሂሳብ ወረቀቱንም ሳይቀር። በትምህርት ቤት ሳለሁ ስለዚህ ድምፅ የሚሉት ሌላ ነበር፦ «ዶሪን፣ እስቲ ለሦስት ደቂቃ ብቻ።»

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 12

ይህን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ምሳ ካደልኩ በኋላ፣ ሚስተር ፔል በመኪናቸው ይወስዱኝና ከቶርንቢ መንደር ወጥተን ከባሕር መከላከያው ግድብ ላይ እንቆማለን። ከፊታችን ጨዋማው ረግረግ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ። ንፋሱ ከምሥራቅ ነበር፤ በዚህ ወር የምሥራቅ ንፋስ ማለት ለእኛ ለወፍ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ለሌን ማስረዳት ትቻለሁ።

ሻይ ከቴርሞሱ ስቀዳ ሚስተር ፔል በሹክሹክታ ጠሩኝ። ሦስተኛው የአጥር እንጨት፣ አትንቀሳቀሺ አሉ። አየሁ። በእንጨቱ ላይ ነጭ ነገር ነበር፤ ይህ የማይካድ ነው። ነጩ የሰሜን ጭልፊት ነው አሉኝ፤ ከግሪንላንድ ባሕሩን አቋርጦ የመጣ፣ በዚህ ዳርቻ በእሳቸው ዕድሜ ያልታየ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ። ሃያ ሁለት ደቂቃ እሳቸው በቴሌስኮፓቸው፣ እኔ በባይኖኩላሬ አየነው። ጥሩ ባይኖኩላር ነው የእኔ፤ ሌን ለልደቴ የገዛልኝ። እስከ ጽሑፍ ድረስ ያስነብባል።

ንፋስ ሲበረታ አንዴ እርግብግብ አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከቦዩ ማዶ ገባ።

«አየሽው?»

«አየሁት» አልኩ።

ማየቱንስ አይቼዋለሁ። ሚስተር ፔል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ንፋሱ ይሆናል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። በሰው ደስታ መካከል ገብቶ «ይቅርታ አንድ ጊዜ» የሚል አንደበት አልተሰጠኝም፤ ሌላው ሁሉ ተሰጥቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ። በመጽሔታችን ብርቅ ወፍ የሚወጣው ሁለት ሰው አይቶት፣ አንዱ የሌላውን ሳያነብ፣ ለየብቻ ጽፎ ሲያቀርብ ነው። ይህን ሕግ በ1961 ያወጡት ሚስተር ፔል ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ አንዱ ሰው እሳቸው ናቸው። ሌላውን ፈልጉ ቢባል ረግረጉ ላይ የነበርነው እኔና ቴርሞሱ ነን።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 13

ጎሕ ሳይቀድ በብስክሌት ወደ ግድቡ ደርሼ መጣሁ። በእንጨቱ ላይ ምንም የለም። ከቦዩ ውስጥ ትንሽ ቆሻሻ አነሣሁ። ሰው ቆሻሻውን በየሜዳው ሲጥል አልወድም፤ ድሮም አልወድም። ሥራ ረፈደብኝ። ጫማዬ በጭቃ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 16

ሚስተር ፔል ለወፍ ወሬ በተዘጋጀው የስልክ መስመር ዜናውን ካሳወቁ ወዲህ ቶርንቢ ቶርንቢ አይደለችም። ሐሙስ ስልሳ መኪና፣ ዛሬ ሁለት መቶ ሰው። ግድቡ ላይ በአረንጓዴ ጃኬት ተሰልፈው፣ ቴሌስኮፓቸውን ተክለው፣ በዝናብ አንድ ባዶ የአጥር እንጨት ያያሉ። እንጨቱ በሕይወቱ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። መጠጥ ቤቱ ቋሊማ ጨረሰ።

እኔንማ ተዉኝ! ያገባሁ ዕለት እንኳ እንዲህ የከበበኝ አልነበረም። ምን ይመስል ነበር? ነጭ። ምን ያህል ነጭ? በጣም ነጭ። መጠኑስ ሲሉኝ አፌ ቀድሞኝ ሊሄድ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩት። አንዱ ከኮርንዎል ዘጠኝ ሰዓት ተጉዞ መጥቷል፤ የሚስቱ እህት ዛሬ ነው የምታገባው። ሦስት ቀን መኪናው ውስጥ አድሯል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ እጄን ጨበጠና ስላካፈላችሁን አመሰግናለሁ አለኝ። ሾርባ ሰጠሁት። ሁለት ኩባያ ሰጠሁት። ዳቦም ጨመርኩለት።

ሌን ዕቃ ቤት ገብቶ ነበር። «ባዶ የበግ መኖ ማዳበሪያ አየሁ» አለኝ። «በግ ገዛን እንዴ?»

ለቅጠል መሰብሰቢያ ነው አልኩት። ባይኖኩላሬን ከመስቀያው አንሥቶ መልሶ ሰቀለው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 19

ንፋስና ዝናብ፣ ግድብ አልሄድንም። ሚስተር ፔል የእሳቸውን ምስክርነት በታይፕ ምቺልኝ አሉ። አንዱ የሌላውን እንዳያይ የሚለው ሕግዎስ ብላቸው፣ እጅሽ ይምታ እንጂ ጆሮሽ አይስማ አሉኝ። በእጃቸው የጀመሩት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ መስመሩ በመስመር ላይ ወጥቶ የዶሮ እግር የሮጠበት ይመስላል። በክፍል ሰሌዳ ላይ ወንዞቹን ሲጽፉ ፊደላቸው እንደ ታተመ መጽሐፍ ነበር።

ነገሩኝ፣ መታሁ። «ሃያ ሁለት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። እጅግ ትዕግሥተኛ ወፍ።» እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩና አዲስ ወረቀት ከተትኩ።

የእኔን ወረቀት እስከ ኖቬምበር 7 ማስገባት አለብኝ። ያን ቀን ክላይቭና ሮዛሊንድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በማግስቱ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሽፋኑ ላይ ዳክዬዋ ቀርታለች። ጭልፊት ይሳላል። ወደ ግራ ይይ ወደ ቀኝ ገና ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 22

ጥርሴ። ከአገሩ ጥርስ ዶክተር ሁሉ ክላይቭ ጋ መሄድ ነበረብኝ? ነበረብኝ፤ ሌላ የለም።

መስታወቱን አፌ ውስጥ ከትቶ፣ መምጠጫውን በከንፈሬ አንጠልጥሎ፣ ያንን ጊዜ ጠበቀና ጥያቄውን ጀመረ። ወረቀትሽ የት አለ? በረራው እንዴት ነበር፣ እንደ እርግብ ቶሎ ቶሎ ወይስ ቀስ? እግሩን አየሽ? «አ» አልኩ። ክላይቭ ይህን እንደ ማስረጃ ቆጠረው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ለማናገር አፌን መክፈት ሳይሆን መዝጋት እንደሚያስፈልግ የተረዳ ብቸኛ ሰው ነው።

ስወጣ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ መስሎ፣ የሚስተር ፔል መኪና የቤተ ክርስቲያኑን በር ልጣ እንደነበር ሰማሁ አለ። በሩ ጠባብ ነው አልኩት። አራት ሜትር ነው አለኝ።

ምን አገባው? ሰው በሰባ ስምንት ዓመቱ አንድ በር ቢነካ! ግማሽ ፊቴ ስለደነዘዘ እንደሚገባው አልመለስኩለትም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 26

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከግድቡ ስንመለስ፣ በትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ፣ ሼሪል የሕፃን ልጇን ጋሪ እየገፋች በመንገዱ ጠርዝ ነበረች። ከእኔ ጋር ምሳ ቤት የምትሠራዋ ሼሪል። ሚስተር ፔል ስለ 1953ቱ ጎርፍ እያወሩኝ ነበር። አልቀነሱም። አልዞሩም። መሪውን ያዝኩና ወደ እሳቸው ገፋሁት፤ መኪናው ማዶ ካለው አጥር ላይ ወጣና ቆመ። በመስታወት አየሁ፤ ሼሪል ጋሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

ምን ነበር አሉኝ። እንደ ወትሮው በጨዋነት፣ በእርጋታ።

«ቆቅ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እኔንጃ። «ቆቅ ናት፣ ከነጫጩቷ።»

ሚስተር ፔል ሞተሩን አጠፉ። «በኦክቶበር? ከነጫጩቷ?» አሉ። «ዶሪን፣ ይኸማ ካርድ ይጻፍለት። ስንት ጫጩት?»

«አንድ» አልኩ።

ቤት ሲያደርሱኝ ካርዱን እንዳልረሳ ደጋግመው አሳሰቡኝ። ጻፍኩት። ቆቅ፣ እናትና አንድ ጫጩት፣ ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ። ያየው ሰው፦ ዶ.። እነሆ ዳይሬክተር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 27

ሼሪል ድንቹን እየላጠች ሰላምታ አልሰጠችኝም። ኋላ ሰው ሲወጣ፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። «ቀይ ኮት ነው የለበስኩት፣ ዶሪን። ቀይ። ፊት ለፊት እያየኝ ነው የመጣብኝ። ወይ አንቺ ትነግሪዋለሽ፣ ወይ እኔ ለፖሊስ እነግራለሁ። እስከ ሌላው ማክሰኞ።»

ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ይሆናል አልኳት። ደመና ነበር አለች።

እኔ ምን ልበላቸው? ሴት ልጃቸው ጁዲት እንኳ ስልክ ስትደውል ስለ መኪናው አንድ ቃል አታነሣም፤ ትፈራቸዋለች። ሐኪም አይደለሁም፣ ፖሊስ አይደለሁም። ካርድ ጠባቂ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 30

ለሌን ነገርኩት። የቆቋን ብቻ። የቀረውን አላነሣሁም።

ጋዜጣውን አጠፈ። «ሰውየው አያይም» አለ። «ይህን እኔ ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ፤ በሩን ከፍቼላቸው ለኮት መስቀያው ሰላምታ ሰጡ። አንቺ ከእኔ በፊት ነው የምታውቂው።» ከዚያ ደግሞ፦ «ማዳበሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ሰማያዊ ነው። ከግማሽ ማይል የሚነበብ። ባይኖኩላሩን እኔ ነኝ የገዛሁት፣ ዶሪን።»

ሁለት መቶ ሰው ምን ይለኛል አልኩት። የኮርንዎሉን ሰው ነገርኩት፤ ሾርባውን ሁሉ።

«የእሳቸው ዓይን ከሚያስፈራኝ የአንቺ ደግነት ይበልጥ ያስፈራኛል» አለና ውሻውን ይዞ ወጣ። ውሻ የለንም፤ የጎረቤቱን ነው የወሰደው።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእኔ አፍ ሲከፈት ኖሮ ዝንብ ገብቶበት አያውቅም፤ በዘጋሁት በአንዱ ቀን ነው ጉዱ የገባው። ያን ዕለት ግድቡ ላይ አንድ ቃል፣ «ማዳበሪያ ነው ሚስተር ፔል»፣ ስቀን ሻያችንን እንጠጣ ነበር። ከዚያ መኪናውን እንዴት እንደሚነዱ እጠይቃቸው ነበር። ስለዚህ ነው ያላልኩት መሰለኝ። ስለ ወፉ አልነበረም። አንዱን ካወጣሁት ሌላውም ተያይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ማክሰኞ የለም፣ ግድብ የለም፣ ሰብሳቢ የለም። የእሳቸው ሁሉ የሚሄደው በዓይናቸው ነው። የእኔም ዳይሬክተርነት ከእሳቸው ጋር፤ ይኸንንም ልጻፈው፣ ደብተሩ የራሴ ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 2

ጻፍኩት። በተማሪነቴ ለእሳቸው ከጻፍኩት ድርሰት ሁሉ አጠረ።

ስደርስ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ነበሩ። ዛሬ አንወጣም፣ ምስክርነቴን ይዤ መጥቻለሁ አልኳቸው። ማየት አይገባኝም አሉ ሕጋቸውን አስታውሰው፤ ይኼን ማየት ይገባዎታል አልኳቸው። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀመጥንና ወረቀቱን በእጃቸው አኖርኩ። ለምን እንደሰጠኋቸው አላውቅም። ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። አቀረቡት፣ አራቁት። ሻይ ሊፈላ የሚበቃ ጊዜ ያዙት። መልሰው በጠረጴዛው ላይ ገፉልኝ።

«አንቺ አንብቢው» አሉ።

አነበብኩት። በሦስተኛው የአጥር እንጨት ላይ ነጭ ነገር። በባይኖኩላር ሳየው ሰማያዊ ጽሑፍ፤ የበግ መኖ ማዳበሪያ። በንፋስ ተነሥቶ ቦይ ውስጥ ወደቀ። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ አንሥቼ ቤቴ ወሰድኩት። ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ሁለተኛ፦ በኦክቶበር 26 ቆቅ አልነበረችም። ሼሪልና የአምስት ወር ልጇ ናቸው። ቀይ ኮት ለብሳ ነበር።

እንደ ዜና አንባቢ አነበብኩት። ድምፄ ጥሩ ነው።

«ቀይ?» አሉ።

«ቀይ።»

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩት። ወይም ወደ እሱ ዞሩ። ሊያዝኑብኝ ነው ብዬ ይቅርታዬን ጀመርኩ፤ ላሳዝንዎ አልፈለግሁም፣ ደስታዎን አይቼ ነው፣ ለክብርዎ ብዬ ነው፣ ስል ስል አቆሙኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በክፍልም ከፍ አድርገው አያውቁም፤ እሱ ነበር የሚያስፈራን።

«የሰባ ስምንት ዓመት ዓይን ይሳሳታል። የሃያ ዓመቱም ይሳሳታል። ሁለተኛ ሰው የምናቆመው ለዚሁ ነው። አንቺ አጠገቤ ምን ልትሠሪ ነው የቆምሽው?»

ወረቀቱን አጠፍኩት፣ መልሼ ዘረጋሁት።

ቀጥለው ሁለት መቶ ሰው በዝናብ እንዳቆምን ተናገሩ፤ አቆምን ነው ያሉት፣ አቆምሽ አላሉም። የሕፃኑን ስም ጠየቁኝ። ኪራን ይባላል አልኳቸው። ከዚያ የጁዲትን ስልክ እንድደውልላቸው ጠየቁ፤ ቁጥሩን መታሁና መስሚያውን ሰጠኋቸው። እሑድ ነይና መኪናውን ውሰጂው አሏት። ወዲያ ማዶ ስታለቅስ እኔ ድረስ ይሰማል። እሳቸው ግን የጎማው አየር እንዲታይ፣ የመለዋወጫው ጎማ ከኋላ እንዳለ፣ ሁሉንም በተራ ነገሯት። ሲጨርሱ ወረቀቱን እሑድ ለጉባኤው አምጪው አሉኝ። አንዲት ቃል እንዳትቀንሽ።

የቀነስኩት የለም። ሼሪል ቤት ሄጄ ነገርኳት። ኬክ ይዤ ነበር፤ ኬኩን ተቀበለች፣ እኔን ግን ወደ ውስጥ አላስገባችኝም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 7

አጀንዳ አንድ፣ እኔ።

ሚስተር ፔል የራሳቸውን ምስክርነት ለመሰረዝ ብድግ ብለው ቆሙ። እኔም ቆሜ የእኔን አነበብኩ። ሮዛሊንድ ብስኩቱን ከፊቴ ወደ ራሷ ሳበች፤ ከዚያ በላይ የሚከብድ ፍርድ በዚያ አዳራሽ ተሰጥቶ አያውቅም። ክላይቭ በጥርሴ ጊዜ ያወቀ ይመስለኝ ነበር። አላወቀም። ፊቱ ነጣ። ደስ አላለውም፤ ይህንን ለመጻፍ ራሴን አስገድጃለሁ።

ሕግ አለ፣ የ1974፣ የጻፈው ክላይቭ። እያወቀ የሐሰት ምስክርነት የሰጠ ሰው ብቻውን ያያቸው ወፎች ሁሉ ከመዝገብ ይሰረዛሉ። አንዱን ከዋሸ የቱን እንዳልዋሸ በምን ይታወቃል? ትክክል ነው። ድምፅ ሰጠን፤ አራት ለዜሮ። እኔም እጄን አወጣሁ፣ አሁንም የከለከለኝ የለም።

በመጽሔቱ ያልተቀበልናቸው ወፎች የሚወጡበት ገጽ አለ፣ ሁልጊዜ ያለ ስም። ሚስተር ፔል ስማችን ይውጣ አሉ፤ የሁለታችንም፣ «ማዳበሪያ» ከሚለው ቃል ጋር። ክላይቭ ይህ አልተለመደም ቢላቸው፣ አሁን ይለመዳል አሉት። የኮርንዎሉ ሰው ተመዝጋቢ ነው። አድራሻውን የምለጥፈው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሮዛሊንድ ከዳይሬክተርነት እንድነሣ ሐሳብ አቀረበች። ክላይቭ ደገፈ። እንግዲያው አንድ ሺህ አራት መቶውን ፖስታ ማን ይረከባል ሲሉ ሚስተር ፔል ጠየቁ። ክላይቭ ሮዛሊንድን አየ። ሮዛሊንድ ጣሪያውን አየች። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ ተባለ።

ሽፋኑ ላይ ዳክዬዋ ተመለሰች። ወደ ፊት ለፊት ታያለች። ስምምነት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ሚስተር ፔል በአውቶቡስ መጡ። ሌን ማቆሚያው ድረስ ወርዶ ተቀበላቸው፤ ክንዱን እንዴት እንደሰጣቸው በመስኮት አየሁ። ወፍ የማይወደው ሰውዬ።

ካርቶኖቹን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁ። ማን መሰረዝ እንዳለበት ጉባኤው አላለም፤ ካርድ ጠባቂዋ ግን እኔ ነኝ። እሳቸው በሕጉ መሠረት ሁለተኛ ሰው ሆነው ሊቀመጡ መጡ። የስሜን ካርዶች አንድ በአንድ አነበብኩ። ከሰው ጋር ያየሁትን ወደ ቦታው፣ ብቻዬን ያየሁትን ወደዚህ። አርባ አንድ ሆኑ። ስንት ሰው ነበር ይሉኛል። ብቻዬን እላለሁ። ሰርዢ ይላሉ። የዋህ የዋህ ወፎች ናቸው፣ ለማንም የማይረቡ፤ ከወጥ ቤቴ መስኮት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ከእናቴ ቀብር ስመለስ። የቆቋንም ሰረዝኩ፤ እሷስ ይገባታል።

አርባኛው ላይ ውሃ ጠጣሁ። አርባ አንደኛው፦ ጥቁር ሽመላ፣ ሜይ 9፣ 1987፣ ቶርንቢ፣ ከጓሮዬ ላይ። ሌን ሥራ ነበር። አንሶላ እያሰጣሁ ቀና ብል ከላዬ ትዞር ነበር። በዚህ አውራጃ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም የለም። ሕጋቸው ሁለት ሰው ቢልም፣ ጨዋነታቸው ሆኖ ለዚያች አንድ ጊዜ አንድ ምስክር ይበቃል ብለው የተቀበሉኝ ሚስተር ፔል ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች በአዳራሹ ስሜን ማወቅ የጀመሩት።

ካርዱን አስቀምጪው አሉ። ሳታነቢ ንገሪኝ።

ነገርኳቸው። እግሯ ቀይ ነበር፣ ወደ ኋላ የተዘረጋ፣ ከጅራቷ ያለፈ። ሆዷ ነጭ፣ ደረቷ ጥቁር፣ መለያው እንደ መሐረብ ጠርዝ። ክንፏን አታርገበግብም፤ በሙቁ አየር ላይ ተኝታ ትዞራለች፣ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሰፋ አድርጋ። ጥላዋ አንሶላው ላይ አለፈ። ቀና ብዬ ያየሁት ለዚያ ነው፤ ጥላውን መጀመሪያ በአንሶላው ላይ አየሁት። የልብስ መቆንጠጫው አፌ ውስጥ ስለነበር መጮህ አልቻልኩም።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አምንሻለሁ» አሉ። «ሰርዢው።»

ቀዩን እስክሪብቶና ማስመሪያውን አነሣሁና ቀጥ አድርጌ ሰረዝኩት።